በምን ነው የሞትኩት?

ቡታጅራ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዓለምዘውድ፣

እንዴት ሰነበትሽ ዓለሜ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ናዝራዊትስ ከጅማ ትደውላለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙከሚል በአይሱዙው በርበሬ እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ እኔም ፋርማሲዬ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ፣ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ እነክራለሁ። ልጆቼ «በዚህ ዘመን ደግሞ ደብዳቤ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን በደብተር ቅዳጅ የጀመርነውን፣ አንቺ ባልሽን ተከትለሽ ወልቂጤ ከገባሽ በኋላም ያልተውነውን ነገር ስልክ መጣ ብዬ አልተውም።

የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ። አንቺ ኮስተር ብለሽ የጻፍሽውን እኔ እየሳቅኩ ስላነበብኩት ይቅር በይኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው ባል ፀጉሩን ጥቁር ቢቀባ፣ ጂም ቢመዘገብ፣ ጠባብ ጂንስ ቢለብስ በሽታ አይደለም። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ቤቱ ጭር አለበት፣ አንድ ቀን መስታወት ፊት ሲቆም የገዛ አባቱ ፊት ለፊቱ ቆሞ አገኘው፤ ይኸው ነው። የእኔው ባል ሙከሚልም አምና ሞተር ሳይክል ካልገዛሁ ብሎ ይዞት ነበር። ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ የገባ ዕለት ለቀቀው።

ይልቅ አንድ ነገር ሹክ ልበልሽ፣ አንቺ ግን እንዳልሰማሽ ሁኚ። ባለፈው ሐሙስ ይታገሱ ፋርማሲዬ መጥቶ ነበር። ከወልቂጤ እዚህ ድረስ! ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዞ የሕፃናት ወተት ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነብ ቆየ። ምን እንደገዛ አልነግርሽም፤ የሙያ ምስጢር ነው። «ዓለምን ሀዋሳ ልወስዳት ነው፤ ሐይቁ ዳር ሎጅ ይዣለሁ፤ አደራ እንዳትነግሪያት፣ ድንገት ነው የማደርግላት» አለኝ። እንደ ሙሽራ እያፈረ። ከጆሮው ኋላ ያልታጠበ የፀጉር ቀለም ነበረበት። ሳቄን ውጬ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

እንግዲህ እህቴ፣ ጉልበትሽን በደንብ አስታምሚው፤ ሊያስፈልግሽ ነው። ያችን ወይን ጠጅ ቀሚስሽን አትርሺ። ስትመለሺ ሁሉንም ትጽፊልኛለሽ፣ የሚጻፈውን ማለቴ ነው።

ይህን ለሙዝደሊፋ ሰጥቼዋለሁ። ሚኒባሱ ካልተበላሸበት ነገ ይደርስሻል።

የአንቺው ዘይባ


ወልቂጤ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይባዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለሙከሚልም ለልጆችም። የሙዝደሊፋ ሚኒባስ ተበላሽታ ኖሮ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ይታገሱ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

የትኛው ሀዋሳ ነው የምትዪው?

እሱ የሄደው አዳማ ነው። የቅየሳ ሥልጠና አለብኝ፣ አንድ ሳምንት ይፈጃል ብሎኛል። ሻንጣውን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ካልሲውን በጥንድ በጥንድ ጠቅልዬ፣ ሲጓዝ ሆዱን ስለሚያመው ቆሎ ቋጥሬለት፣ በር ድረስ ሸኝቼዋለሁ። ትምህርት ቤት ለእረፍት ስለተዘጋ እኔ ቤት ነኝ፤ የአስረኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና አርማለሁ። ሀዋሳ ልወስድሽ ነው ያለኝም የለም። ወይን ጠጅ ቀሚሴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅላለች።

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ምናልባት ከአዳማ ሲመለስ ሊወስደኝ ይሆናል ብዬ የቀኑን ሂሳብ አሰላሁ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ሳቄ ጠፋ። ዘይባ፣ ለሥልጠና የሚሄድ ሰው ቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ ይይዛል? ያ በልብስ ስር የሚታሰረው፣ ሲታሰር ትንፋሽ የሚያሳጥረው። ሻንጣው ውስጥ ከሸሚዞቹ ሥር ደብቆት አይቼ ሳላይ ቀረሁ። እንዳላሳፍረው ብዬ። ስሙ ይታገሱ ይባላል እንጂ ስታገስ የኖርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሳታድበሰብሺ ንገሪኝ። ከአንቺ ዘንድ የገዛው ምንድን ነው? ሀዋሳ ያለሽ ለመቼ ነው? ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። አንቺ ጋ መደወል ደግሞ ፈራሁ፤ ድምፄ እንዳይለወጥብኝ። ይህን ለሙዝደሊፋ ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።

ዓለምዘውድ


ቡታጅራ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእህቴ ለዓለምዘውድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? ናዝራዊት ደህና ናት? እኛ ለአላህ ምስጋና ይሁን ሁላችንም ደህና ነን። ብርዱ ትንሽ ጠንክሯል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። በርበሬው ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላል ሙከሚል።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዘመድ ታሞብኝ ከከተማ ወጥቼ ነበር፤ አሁንም ቤቴ እንግዳ አለ። ረቡዕ ዕለት የደወልኩልሽ ድምፅሽን ለመስማት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስለ ጉልበትሽ ስንጫወት ደስ አለኝ። ያዘዝኩልሽን ቅባት አታቋርጪ።

ሀዋሳ ያልኩት ተሳስቼ ነው ዓለሜ። አዳማ ነው ያለኝ። ፋርማሲው ውስጥ ሰው ሲበዛ ጆሮዬ አይሰማም፤ ታውቂኛለሽ። የገዛውም የጨጓራ መድኃኒት ነው። እኔ ነገር ማጣፈጥ ስለምወድ ከራሴ ጨምሬ ጻፍኩልሽ። በዚህ አትቀየሚኝ።

ይታገሱ ሲመለስ ሥልጠናው አድክሞት ይሆናልና ብዙ አትጠይቂው። ይተኛ። ደረጃ አታስወጪው። ክትፎም ቢሆን ለጊዜው ይቅርበት፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ቅቤ ጥሩ አይደለም። ከባድ ነገር እንዳያነሳ። ልቡ እንዳይ… ልቤ ካንቺ ጋር ነው ማለቴ ነው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሰላም ሁኚልኝ።

ዘይባ


ወልቂጤ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘይባ፣

ይታገሱ እሑድ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሻንጣ የለውም። «አውቶቡስ ላይ ጠፋብኝ» አለ። በሃያ አራት ዓመት ትዳራችን ሳህን አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ እግሬን ልጠብሽ አለኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጎንበስ ሲል ግን አቃስቶ ደረቱን ያዘ። «ምን ሆንክ?» ስለው «ጨጓራዬ ነው» አለ። ጨጓራ! እናንተ ሁለታችሁ አንድ ቃል ነው ያላችሁ።

ከመጣ ጀምሮ ካናቴራውን ከነሸሚዙ ለብሶ ነው የሚተኛው። ትናንት ገላውን ሲታጠብ ሳሙና ላቀብለው በሩን ከፈትኩ። ደረቱ ላይ፣ ከጡቱ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ ክብ ነገር ተለጥፏል፤ መሐሉ ላይ ቁልፍ የመሰለ ብረት አለው። አባቴ ልባቸውን ሲመረመሩ እንዲህ ያለውን ሲለጥፉባቸው አይቻለሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

አጎንብሶ አየው። እሱም እንዳለበት አላወቀም ነበር። «ሥልጠናው ላይ… ስም የሚለጠፍበት ነው» አለ።

«ጡትህ ላይ ነው ስም የምትለጥፉት?»

ውኃው ላዩ ላይ ይወርዳል፣ የፀጉሩ ቀለም በአንገቱ ይወርዳል።

ይህን ልታገሰው እችል ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ልብሱን ላጥብ ሳነሳ ለብሶት የመጣውን ሸሚዝ ዘርግቼ አየሁት። አረንጓዴ መስመር ያለው፣ ኮሌታው ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው። አምና ለኢድ ለሙከሚል የገዛሁለት ሸሚዝ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ የመረጥኩት እኔ፣ የእጅጌውን ቁልፍ ያጠበቅኩት እኔ።

የሙከሚል ሸሚዝ አዳማ ምን ሊሠራ ሄደ ዘይባ? ከከተማ የወጣሽለት ዘመድ ማነው? ቤትሽ የነበረው እንግዳስ? ትላንት ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር እያሰብኩ አደርኩ፤ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘልኝም፣ ግን እጠይቅሻለሁ። ሀዋሳ የወሰዳት ሴት አንቺ ነሽ?

ዓለምዘውድ


ቡታጅራ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓለሜ፣

አዑዙ ቢላህ! እኔ? ከይታገሱ ጋር? ደብዳቤሽን ለሙከሚል አነበብኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ግን «ተናገሪ ስልሽ እንቢ አልሽ፤ ይኸው» ብሎኝ ወጣ። ልክ ነው። ከመጀመሪያው ንገሪያት እያለኝ ነበር።

እንግዲህ ስሚኝ። ከእኔ የገዛው ሰማያዊዋን ክኒን ነው። የሐኪም ወረቀት አልያዘም ነበር፤ ለአንቺ ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ሳልጠይቅ ሰጠሁት። ግማሽ ውሰድ ብዬዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥር 28 ጠዋት ነው። ገና ሳላጥፈው ስልኬ ጠራ። የይታገሱ ቁጥር ነው፤ የምታናግረኝ ግን ሴት ናት፣ እያለቀሰች። የመድኃኒቱ ከረጢት ላይ የፋርማሲዬን ስምና ስልክ አይታ ነው። «የሰጡት መድኃኒት ሊገድለው ነው፤ ሀዋሳ ክሊኒክ ነን፤ ዘመድ ካለው ጥሩልኝ» አለችኝ። ሙከሚልን ቀስቅሼ በአይሱዙው በዝዋይ በኩል በረርን።

የሆነው ይህ ነው። ሁለት ክኒን ባንዴ ውጧል። ያን ቀበቶውን ሴትየዋ እንዳታየው አውልቆ በረንዳው ላይ ከሸሚዙ ሥር ደብቆታል። ጦጣ መጥታ ሸሚዙንም ቀበቶውንም ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ሎጁ ሰርግ ነበረበት። ቀበቶው ሰው ፊት እንዳይወድቅ ብሎ ይታገሱ በፎጣ ብቻ ሆኖ ሲሮጥ ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሱበት መስክ ላይ ገባ። ዛፉ ሥር ቆሞ ጦጣዋን ሲለማመጥ ልቡ መታ መታ አለበትና ወደቀ። ከነፎጣው ነው ተሸክመው የወሰዱት። የሙከሚልን ሸሚዝ የለበሰው ለዚህ ነው፤ መንገድ ይበርደናል ብለን የያዝነው ነበር። ቤቴ እንግዳ አለ ያልኩሽም እሱን ነው።

ሴትየዋ ሆሳዕና ፀጉር ቤት ያላት፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ናት። ክፉ ሰው አትመስልም። ዓለሜ፣ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ሚስቱ እንደሞተች ነው የነገራት። ሁለት ዓመቷ ነው ብሏት ነበር። እኛ ከደረስን በኋላ ሻንጣውን ከሎጅ ላምጣ ብላ ወጣች፣ አልተመለሰችም።

ረቡዕ የደወልኩልሽ ከክሊኒኩ ኮሪደር ነው። ሰምተሽ እንደሆነ ላጣራ ብዬ።

ለምን ደበቅሽኝ ትዪኛለሽ። ይታገሱ እጄን ይዞ አለቀሰ፤ በናዝራዊት ለመነኝ። እኔም ያለ ወረቀት የሸጥኩት መድኃኒት ነው፤ ከተሰማ ፋርማሲዬ ይታሸጋል። ተኝቶ ካገገመ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ይቅር በይኝ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው።

ዘይባ


ወልቂጤ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘይባ፣

በምን ነው የሞትኩት?

እሱን ጠየቅኩት፤ አልነግርሽም አለ። አንቺ ሰምተሽ ይሆናልና ጻፊልኝ። በድንገት ነው ወይስ ታምሜ? አስታምሞኛል? ማን ቀበረኝ? ሁለት ዓመት ነው አልሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት እኮ ወገቡ ተይዞ ነበር፤ እኔ ነበርኩ ካልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የማነሳው። ጉልበቴ ያኔ ነው የተጎዳው።

ጦጣዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። እንዳልስቅ ስታገል ጎኔን ወጋኝ። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ፣ ሳቅኩና መሬት ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም።

ከቤት አስወጥቼዋለሁ። ቡኢ ወደ እህቱ ወደ ወለተጊዮርጊስ ሄዷል። እሷ መነኩሴ ለመሆን ትንሽ የቀራት ሴት ናት፤ ጠበል እየወሰደች ጠዋት ጠዋት በቀዝቃዛ ውኃ ታስመታዋለች አሉ። የተቀባው ቀለም ታጥቦ ሽበቱ ብቅ ብሏል።

ከአንቺ አልተጣላሁም። እንደተጣላሁ እንዳይመስልሽ። ፈርተሽ ነው፤ ፍርሃት ይገባኛል። ስንት ዓመት የቆምሽበት ሥራ ነው። ግን ሰው ሁለት ጊዜ በአንድ ነገር ሲደማ ሁለተኛው ይብሳል። ስለዚህ አሁን፣ በዚህ ደብዳቤ፣ እጠይቅሻለሁ። ያልነገርሽኝ ሌላ የቀረ ነገር አለ? ካለ ዛሬ ንገሪኝና ዛሬ ላልቅስበት። ከዚያ ወዲያ አናነሳውም።

የሙከሚልን ሸሚዝ አጥቤ ተኩሼ ልኬዋለሁ።

ዓለምዘውድ


ቡታጅራ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓለሜ የኔ እናት፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስሜው ነው ያጠፍኩት። ከእኔ የተሻልሽ ሰው ነሽ።

በኩላሊት ነው የሞትሽው። ለብዙ ጊዜ አስታምሞሻል። ይህን ያለችው ሴትየዋ ናት፤ እሷም ያዘነችለት ለዚህ ነው።

ሌላ የቀረ ነገር የለም። ወላሂ የለም። ያየሁትንም የሰማሁትንም ሁሉ ነግሬሻለሁ። ጾማችሁ ዛሬ ገባ አይደል? የእኛም ረመዳን ቀርቧል። ሁለታችንም ጾመን፣ አላህ ካለ ለኢድ አንድ ማዕድ ላይ እንቀመጣለን።

የአንቺው ዘይባ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘይባ፣

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ። በሩ ተንኳኳ። ሳይከፈትላት ገፋ አድርጋ ብቅ ያለች አንዲት ቀይ ሴት፣ ፀጉሯ በደንብ የተሠራ፣ የይታገሱን ሻንጣ በእጇ ይዛለች።

«የአቶ ይታገሱ፣ የቀያሹ ቤት ይህ ነው?»

«ነው። ግቢ።»

«እርስዎ እህታቸው ነዎት?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ትንሽ አሰበች። «ውይ፣ መቼ አገባ?»

«ሃያ አራት ዓመታችን ነው።»

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። እኔ ማን እንደሆነች በሩ ላይ ሳያት ነው የገባኝ፤ እሷ ግን ምስኪን ቀስ እያለ ነው የገባት። ፊቴን እያየች ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሙት አይታ ታውቅ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ከዚያ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ለቅሶዋን አቀለጠችው። ጎረቤት እንዳይሰማ ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ የጾም ሽሮ አቀረብኩላት። ዘይባ፣ የራሴ ለቅሶ ላይ ለቀስተኛ አስተናገድኩ። «እባክሽ አይዞሽ፣ ቅመሺ» እያልኩ አጽናናኋት።

ስታገግም ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ያኔ ፖሊስ ይመጣል ብላ ፈርታ ሻንጣውን እንደያዘች ሆሳዕና መግባቷን ነገረችኝ። አላወቅኩም አለች፤ አምኛታለሁ። «ክሊኒኩ ውስጥ ተጠራጥሬ ነበር» አለች። «ሲቃዥ ዓለም፣ ዓለም ይል ነበር። ያቺ ፋርማሲስት ስትመጣ፣ እህቱ ነኝ ስላለች ጠየቅኳት። ሚስቱ ምን ዓይነት ሰው ነበረች አልኳት። እሷም—» ብላ አፏን ያዘች።

«እሷም ምን አለችሽ?»

«በጣም ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፣ አለችኝ።»

አንቺ። ነፍሷን ይማር።

አስደግሜ ጠየቅኳት። እንደዚያ ነው ያለችኝ፣ አይኖቿም እንባ አቅርረው ነበር አለች። በዚያው ኮሪደር ቆመሽ ነው ከዚያ የደወልሽልኝ? እኔን ቀብረሽ፣ ወዲያው ደውለሽ፣ «ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?» ያልሽኝ?

ይታገሱ የገደለኝ ለመባለግ ነው። ይገባኛል፤ አሳፋሪ ነው፣ ግን ይገባኛል። ሚስት ያለው ሰው ሆኖ መዝናናት ስለከበደው ገደለኝ። አንቺ የቀበርሽኝ ለምንድን ነው? ምን አደረግኩሽ?

ጠይቄሽ ነበር። የቀረ ካለ ንገሪኝ ብዬ፣ አናነሳውም ብዬ፣ በሩን ከፍቼ ጠብቄሽ ነበር። በአላህ ምለሽ ዘጋሽው። በፈጣሪሽ ስም እኔን ማታለል ከቻልሽ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከጻፍሽልኝ የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ልለይ?

ሴትየዋ ስትወጣ በር ላይ ሳመችኝ። «እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው» አለችኝ። ከልቧ ነበር። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ እንድኖር የመረቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አትጻፊልኝ።

ዓለምዘውድ


ቡታጅራ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለምዘውድ፣

አትጻፊ ብለሻል፤ ይህን አንድ ብቻ ፍቀጂልኝ። ሳታነቢው ብታቃጥይውም መብትሽ ነው።

ብያለሁ። እንዳለችው ነው ያልኩት። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ ሐኪሙ «ይህን መድኃኒት ማን ሸጠለት?» እያለ ይቆጣል፤ እሷ እያለቀሰች ስለ ሚስቱ ትጠይቀኛለች። በሕይወት አለች ብላት ትጮኻለች፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ፖሊስ ይመጣል አልኩ። ፊቴ ላይ የመጣው ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የሥራ ፈቃዴ ነው። አንቺ አልመጣሽብኝም። ያሳፈረኝም፣ ለመጻፍም አቅም ያሳጣኝ ይኸው ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የመጣሽብኝ፤ ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ያኔ ነው የደወልኩልሽ። «ሄሎ» ስትዪ በሕይወት መኖርሽን ሰምቼ ስለ ጉልበትሽ ጠየቅኩሽ። ይህን እንድታምኚኝ አልጠይቅሽም።

በሐሰት ስለማልኩት መሐላ ድሆች አብልቻለሁ። ከዚያም በኋላ ዕዳዬ እንዳለ ይሰማኛል፤ ዕዳው ላንቺ ነውና። ሙከሚል አያናግረኝም ማለት ይቻላል። አፍጥር ላይ ዝም ብሎ ተምሩን ያቀብለኛል።

ይቅር በይኝ አልልም። ደግ ሴት ናት። ነበረች አይደለም። ናት።

ዘይባ


ወልቂጤ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወ/ሮ ዘይባ፣
ቡታጅራ።

ጤና ይስጥልኝ። ለኢድ የላኩልኝ ማር ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ትምህርት ቤት ፈተና ስለነበረብን ነው።

በሙዝደሊፋ በኩል ስለ አቶ ይታገሱ መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጥቶብኝ ነበር። በአክብሮት ተቀብዬ አስቀመጥኳቸው። «እሱ የሆነውን ሁሉ ከአፉ ይንገራችሁ፤ ጦጣዋንም ጭምር፤ ከዚያ እታረቃለሁ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። እሱ መሬት መሬት አየ። «የምን ጦጣ?» አሉት። ላቡ ብቻ ወረደ። ትንሹ ሽማግሌ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ይታገሱ ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። ቢናገር ኖሮ እውነቴን ነው የምልዎት፣ እታረቀው ነበር። አሁን በስምምነት ተለያይተን፣ ቤቱ ለእኔና ለልጄ ሆኗል። እሱ ቡኢ ቤት ተከራይቷል። ፀጉሩን መቀባት ትቷል።

ለናዝራዊት እኔው ራሴ ነገርኳት። ጅማ ድረስ ሄጄ፣ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን። ሁሉንም ስትሰማ ቆይታ «አክስቴ ዘይባስ?» አለችኝ። ስለ እርስዎ የነገርኳት የለም። ደህና ናት አልኳት። ለእሷ አክስቷ ነዎት፤ እንደዚያው ይቆይ።

ሌላው፣ በሚቀጥለው ወር የአቶ ሙከሚል ልጅ ሰርግ መኖሩን ሰምቻለሁ። ጥሪው ደርሶኛል። እንደማልመጣ ከወዲሁ በአክብሮት ለመግለጽ እወዳለሁ። የሙሽራዋን ስጦታ በሰው እልካለሁ።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ፋርማሲው ውስጥ ራስዎን ስተው መውደቅዎን፣ ግፊትዎም በጣም ከፍ ብሎ መገኘቱን ሙዝደሊፋ ነግሮኛል። እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። እርስዎ የጤና ባለሙያ ስለሆኑ እኔ ለእርስዎ ምክር መስጠቴ አይገባም። በቂ እረፍት እንዲያደርጉ፣ ክትትልዎንም እንዳያቋርጡ እመኛለሁ።

ጨው አታብዢ። የሰው ሁሉ ግፊት ስትለኪ ትውያለሽ፣ የራስሽን ለክተሽ አታውቂም።

ዓለምዘውድ